500 ካሬ ነባር ይዞታ፣ ሦስት ወራሽ፣ አንድ በር፦ እንዴት ይከፈላል? (ጎንደር)

ማራኪ_ሰፈር
ሰላም ለመድረኩ። ጎንደር ማራኪ ክፍለ ከተማ ያለ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ነው። ካርታው 500 ካሬ ይላል፤ ፊቱ 20 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 25 ሜትር። ከፊት 8 ሜትር የኮብል መንገድ አለ፣ ሦስቱ ጎን ጎረቤት ነው። ቦታው ከመንገዱ ወደ ኋላ ቁልቁል ይወርዳል፣ 20 በመቶ ያህል። ዋናው ቤት የጭቃ ነው፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ 11 በ9፤ ከግራ ወሰን 3 ሜትር፣ ከመንገድ 2 ሜትር ገባ ብሏል። ከኋላ ወሰኑን ተጠግቶ 10 በ4 ሰርቪስ አለ፤ ሰርቪሱ ካርታው ላይ የለም። ካርታው በሟች አባታችን ስም ነው። እናታችን በሕይወት አሉ። ልጆች ሦስት ነን፣ አንዷ ውጭ አገር ናት። ለሦስት ከፍለን በየስማችን ካርታ ማውጣት ነው ሐሳቡ። ከየት ይጀመራል? ምንስ ያሰናክላል?

ጎሃ_ማዶ
500 ለ3 ሲካፈል 166 ካሬ ከምናምን። ምን ያስጨንቃል? ሽማግሌ ጥሩ፣ አጥሩን እጠሩ፣ ውል ጻፉና ተፈራረሙ። ካርታው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ቀያሽ_ከአዘዞ
መጀመሪያ 500ውን እርሱት። ቁልቁል ቦታ ላይ ሜትር መሬት ለመሬት ተዘርግቶ የተለካ 25 ሜትር ካርታ ላይ 25 አይሆንም፤ ካርታ የሚይዘው አግድሙን ርቀት ነው። በ20 በመቶ ቁልቁለት 25 ሜትር ማለት አግድሙ 24.5 ነው። 20 በ24.5 ሲባዛ 490 ካሬ። አሥሯን ካሬ ጎረቤት አልወሰዳትም፤ መጀመሪያም አልነበረችም። በሜትር ገመድ ተለክቶ የወጣ አሮጌ ካርታ በቶታል ስቴሽን (በቀያሽ ኤሌክትሮኒክ መለኪያ) ሲለካ እንዲህ መቀነሱ የተለመደ ነው። ብዙ የወሰን ክርክር የሚጫረው እዚህ ላይ ነው፤ «ካርታዬ 500 ይላል» ብሎ የጎደለውን ከጎረቤት አጥር ሥር መፈለግ።

ባለሙያ ሳይመጣ ራሳችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። ሜትሩን በአምስት በአምስት ሜትር እየቆረጣችሁ በውሃ ልክ አግድም ወጥሩት፣ ጫፉን በቱንቢ መሬት ላይ አውርዱ፣ ከዚያች ነጥብ ቀጥሉ። ሲያልቅ ሁለቱን ሰያፍ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን፣ ለኩ (እነሱንም በዚሁ መንገድ)። ማዕዘኖቹ ትክክል ከሆኑ ሁለቱም 31.6 ሜትር አካባቢ ይመጣሉ። አንዱ 31፣ ሌላው 32.2 ከመጣ ግን የኋላው ወሰን ከፊቱ አንጻር ወደ አንድ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ተንሸራቷል ማለት ነው። ስፋቱ እምብዛም አይለወጥም። መግቢያ በጎን ልታወጡ ካሰባችሁ ግን ያቺ አንድ ሜትር ብዙ ነገር ናት።

ሌላው ኮኦርዲኔት (የወሰን ነጥቦችን መገኛ የሚያሳየው ቁጥር) ነው። ካርታው የተሠራበትን ሥርዓት እዩ፤ አዲንዳን ዞን 37 (በአገራችን ካርታዎች ላይ የተለመደው የኮኦርዲኔት ሥርዓት) ከሆነ ስልካችሁ በሚያሳየው ደብሊው ጂ ኤስ 84 አትፈትሹት። በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። በስልክ አይቶ «ካርታችን የሌላ ሰፈር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሥርዓቱን ብታስተካክሉት እንኳ ስልክ በራሱ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል፣ ለወሰን አይሆንም።

ነገረ_ፈጅ
ጎሃ_ማዶ፣ ያ ምክር ነው ስንቱን ቤተሰብ ፍርድ ቤት ያንከራተተው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ስለ ሽያጭ ብቻ የሚናገር ይመስላቸዋል ሰዎች። ሁለተኛውን ንዑስ ቁጥር አንብብ፦ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚያካፍል ውልም በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለዚሁ ሥልጣን ባለው አዋዋይ ዘንድ መመዝገብ አለበት። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ለሰላም ጥሩ ነው፤ መሬት መምሪያ ግን ካርታ አይከፍልበትም።

አሁን ወደ ጠያቂው። ሦስት ብለህ ስትቆጥር እናትህን ዘለልሃቸው። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእሳቸው ነው፣ ውርስ አይደለም። ለውርስ የሚቀርበው የአባትህ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሦስት ልጆች የሚካፈሉትም እሱን ነው። ስለዚህ ድርሻው ሲጻፍ እናት 3/6፣ እያንዳንዱ ልጅ 1/6 ይሆናል። 490 ካሬ ላይ በስፋት ብቻ ብንሄድ ለአንድ ልጅ 82 ካሬ ገደማ ነው።

የእናት ግማሽ ውርስ አለመሆኑ ለምን ከባድ ነገር ነው? በሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) አንቀጽ 6 መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በሌላ በማንኛውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት (ለመንግሥት የሊዝ ዋጋ እየከፈለ) ነው። «በማንኛውም መንገድ» ውስጥ ስጦታም አለበት። እናትህ ደግ ሆነው «የእኔን ድርሻ ለልጆቼ ሰጥቻለሁ» ብለው ቢፈርሙ ያ ግማሽ ነባርነቱን አጣ፤ የሊዝ ዋጋ ይታሰብበታል፣ ቅድሚያ ክፍያ ይመጣል (በአዋጁ ከጠቅላላው ሊዝ ከ10 በመቶ አያንስም)፣ ቀሪው በየዓመቱ ይከፈላል። ያንኑ ግማሽ በኑዛዜ ቢያስተላልፉት ግን ውርስ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ መነበቡም በጽሑፉ ላይ ይጠቀሳል። ይህ ካልተሟላ ይፈርሳል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል። የእናት ድርሻ ከውርሱ ተለይቶ ይታወቃል። ከዚያ ካርታው ከሟች ስም ወደ እናትና ወራሾች የጋራ ስም ይዞራል። ክፍፍል የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው፤ በሟች ስም ያለ ካርታ ለሁለት አይከፈልም። የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እግድ ካለ በዚህ መሃል ይነሣል፣ አለዚያ ፋይሉ ባለበት ይቆማል።

ውጭ ያለችው እህት ውክልና ስትልክ «ጠቅላላ ውክልና» ብላ እንዳትልክ። በቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለሌላ ለማስተላለፍ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። የውርስ ድርሻን መካፈል፣ ካርታ ማስከፈል፣ የክፍፍል ውል መፈረም፣ ማካካሻ መቀበል ወይም መክፈል የሚሉት በስም በስማቸው ይጻፉ። ወረቀቱ ኤምባሲ ተረጋግጦ መጥቶ አንድ ግስ ጎድሎት እንደገና መላክ አሰልቺ ነው።

ማራኪ_ሰፈር
የእናታችንን ግማሽ በእርግጥ አላሰብንበትም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ካርታ የሚለው ሐሳብ ግን ፈጽሞ አይሆንም ማለት ነው?

ጃንተከል_ዋርካ
ከሦስቱ በፊት ሁለቱም መሆኑን እንይ። ይዞታ መክፈል በካሬ ብዛት ብቻ የሚወሰን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ካሬው አንዱ መስፈርት ነው፤ ክፍፍሉን የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በር ነው። እያንዳንዱ አዲስ ቁራሽ ከሕዝብ መንገድ የራሱ መግቢያ ያስፈልገዋል። የእናንተ ቦታ መንገድ የሚያገኘው በ20 ሜትር ፊቱ ብቻ ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በቁመት መክፈል ነው፦ 10 በ24.5፣ እያንዳንዱ 245 ካሬ፣ ሁለቱም ፊታቸው መንገድ ላይ። እጅግ ንጹሕ ክፍፍል ነው። ግን ቤቱ ከግራ ከ3 ሜትር እስከ 14 ሜትር ተኝቷል፤ መስመሩ 10 ላይ ሲያልፍ ቤቱን ይሰነጥቀዋል። ቤቱን ለማትረፍ መስመሩን 14.5 ላይ ብታወጡት ለቀኝ የሚተርፈው 5.5 ሜትር ፊት ነው። መስኮት ያለበት ግድግዳ ከወሰን 2 ሜትር ይራቅ ብንል 3.5 ሜትር ስፋት ያለው ቤት ይቀራል፣ የአውቶቡስ ያህል። ያን ክፍል ማንም አይወደውም።

ሁለተኛው ፊትና ኋላ ነው። ቤቱ 2 ሜትር ገብቶ 9 ሜትር ጥልቀት ስላለው 11 ላይ ያበቃል፤ ወሰኑን 13 ላይ አድርጉት፣ ከቤቱ ጀርባ 2 ሜትር ይተርፋል። በቀኝ በኩል ካለው 6 ሜትር ውስጥ 4ቱ ለኋለኛው መግቢያ ይሁን፣ 2ቱ ለቤቱ ጎን ይቅር። ሒሳቡ፦
የፊቱ 16 በ13 = 208 ካሬ።
የኋላው 20 በ11.5 = 230፣ ሲደመር መግቢያው 4 በ13 = 52፣ በድምሩ 282 ካሬ።
መግቢያውን ወደ 3 ሜትር ብታጠቡት የፊቱ 221፣ የኋላው 269 ይሆናል።

መግቢያው በካርታ የኋለኛው ቁራሽ አካል ሆኖ ይግባ። «በፊተኛው ቦታ ላይ የመተላለፊያ መብት» ብላችሁ በውል ብቻ አትተዉት። ባለቤት ሲቀየር፣ መኪና ሲቆም፣ በር ሲቆለፍ ጠቡ እዚያ ነው የሚጀምረው።

አሁን ሦስት ካርታ የሚለውን ሞክሩት። የኋላውን 282 እንደገና ለሁለት ስትከፍሉ መግቢያው የጋራ ይሆናል ወይም ሁለተኛ መግቢያ ከፊተኛው ይቆረጣል፤ ፊተኛው ደግሞ ቤቱን ታቅፎ የሚተርፈው መሬት የለውም። ስለዚህ ሦስት ካርታ እዚያ ቦታ ላይ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የፕላን መረጃ በጽሑፍ ውሰዱ። በቃል አይሁን። መጠየቅ ያለባችሁ፦ የቦታው የመሬት አጠቃቀም ምን ተብሎ ተመድቧል፣ የአካባቢ ልማት ፕላን አለው ወይ፣ ለአንድ ቁራሽ የተፈቀደው ዝቅተኛ ስፋትና ዝቅተኛ የፊት ወርድ ስንት ነው፣ መንገዱ በፕላን ላይ ስንት ሜትር ነው። የመጨረሻዋ ናት አንገት የምትቆርጠው። መንገዱ አሁን 8 ሜትር ቢሆንም በፕላን 12 ከተያዘ ከየጎኑ 2 ሜትር ይቀነሳል። 20 ሜትር ፊት ላይ 40 ካሬ ሄደ፤ 8ቱ ካሬ ከመግቢያው ይቀነሳል፣ የፊቱ ቁራሽ ደግሞ ከ208ቱ 32 ያጣና 176 ይሆናል። ቤታችሁም መንገድ ዳር ላይ ቁጭ አለ። የኮሪደር ልማት የሚያልፍበት መሥመር ከሆነማ ደግማችሁ ጠይቁ። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲነሣ ካሣ የሚታሰበው በአዋጅ 1161/2011 ነው፤ ገና ለገና በፕላን ላይ ስለተሰመረ ግን ዛሬ የሚከፈል የለም።

አራዳ_ጊዮርጊስ
ለሌሎች አንባቢዎች ልጨምር፤ ጠያቂውን አይመለከትም። ቦታችሁ በፋሲል ግቢ፣ በፋሲል መዋኛ፣ በቁስቋም ወይም በደብረ ብርሃን ሥላሴ አካባቢ ከሆነ የቅርስ ጥበቃ ጉዳይ ይጨመራል። ለሁለት ተከፍሎ ካርታ ቢወጣ እንኳ በኋለኛው ላይ ፎቅ ይፈቀድልኛል ብላችሁ አታስቡ። መሠረት ስትቆፍሩ የጥንት ግንብ ብታገኙ በአዋጅ 209/1992 ቁፋሮው ይቆማል፣ ለሚመለከተው ይነገራል። ቀሃና አንገረብ ዳር ያላችሁ ደግሞ የወንዙን ዳርቻ ከስፋቱ ቀንሳችሁ አስቡ።

የመሃል ከተማ ግቢ ውስጥ ሌላም ጣጣ አለ። ከ1967ቱ አዋጅ (ቁጥር 47) ወዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ የግል ቤትና የቀበሌ ቤት ተጎራብተው ይገኛሉ፤ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የውሃ ቧንቧ። የቀበሌው ቤት ድርሻ ተለይቶ ካልተሰመረ የእናንተ ክፍፍል አይነሣም።

ቀሃ_ወንዝ
በር በር አላችሁ እንጂ ስለ ቁልቁለቱ ማንም አላነሣም። ከመንገዱ እስከ ኋላ ወሰን 24.5 ሜትር በ20 በመቶ ሲወርድ ልዩነቱ 4.9 ሜትር ነው። የኋለኛው ቁራሽ ከመንገዱ አንድ ፎቅ ተኩል ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ይህ ሦስት ነገር ያመጣል።

የመጀመሪያው የዝናብ ውሃ ነው። የፊቱ ቤት ጣሪያ ከነክፍክፉ 120 ካሬ ቢሆን፣ ሐምሌ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንዴ ሲወርድ 4.8 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ ወደ 24 በርሜል። ዛሬ ግቢው የአንድ ቤተሰብ ስለሆነ ማንም አይናገርም። ነገ ወሰን ሲሰመር ያ ሁሉ ውሃ የሌላ ሰው በረንዳ ላይ ይወርዳል። ፊተኛው አሸንዳ ይግጠም፣ አሸንዳው ወደ መንገዱ ቦይ መውጣት ስለማይችል (ጀርባው ዝቅተኛ ነው) በመግቢያው ጠርዝ በተሸፈነ ቦይ ይውረድ። ይህ ቦይ በኋለኛው ካርታ ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ በክፍፍሉ ውል ላይ ወርዱ፣ መሥመሩና ማን እንደሚጠርገው ይጻፍ።

ሁለተኛው ድጋፍ ግንብ ነው። 13 ሜትር ላይ ስትከፍሉ ኋለኛው ቤት ሊሠራ ሲደለድል ከወሰኑ ሥር ይቆርጣል። ከወሰኑ 2 ሜትር ላይ የጭቃ ቤት ቆሟል፤ መሠረቱ ጥልቅ አይደለም። 2 ሜትር ቁመት ያለው ቀጥ ያለ ቁራጭ በክረምት ሳይደገፍ ቢከርም የፊቱ ቤት ጥግ መሰንጠቅ ይጀምራል። የድንጋይ ድጋፍ ግንብ 2 ሜትር ከፍታ ካለው ከሥሩ 1 ሜትር ወርድ ይፈልጋል፤ በየ1.5 ሜትሩ የውሃ መውጫ ቧንቧ፣ ከጀርባው ጠጠር። ያ 1 ሜትር ከማን መሬት ላይ ይወጣል? ኋለኛው ነው የሚቆርጠው፣ ኋለኛው በራሱ መሬት ላይ ይሥራ የሚለው ፍትሐዊ ይመስለኛል። ቁፋሮው በአንድ ጊዜ ሙሉ ርዝመቱን አይሁን፤ 2 ሜትር ቆፍሮ ገንብቶ፣ 2 ሜትር መዝለል። ሥራው ከጥቅምት በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛውን ማንም አያስበውም፤ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና። መኪናው 20 በመቶ ቁልቁል በሆነ 4 ሜትር መግቢያ አይወርድም፣ ቢወርድም ሞልቶ አይወጣም። መንገድ ላይ ቆሞ የመምጠጫ ቱቦ ይዘረጋል። መሳብ ደግሞ ወሰን አለው፤ በጎንደር ከፍታ የአየሩ ግፊት ውሃን ቀጥ አድርጎ ሊያነሣ የሚችለው በወረቀት 8 ሜትር ገደማ ነው፣ በሥራ ላይ ከዚያ በታች፣ ለወፍራም ዝቃጭ ደግሞ የባሰ ያንሳል። ሴፕቲክ ታንኩን እንደ ልማዱ ኋላ ወሰን ጥግ ላይ ብትቀብሩት፦ 4.5 ሜትር ቁልቁለት፣ 1 ሜትር የመኪናው ከፍታ፣ 2.5 ሜትር የጉድጓዱ ጥልቀት፣ 8 ሜትር ሞላ። አይመጠጥም። ጉድጓዱ ወደ መግቢያው ተጠግቶ 15 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ረዘም ብሎ ጥልቀቱ ግን ከ1.8 ያልበለጠ ይሁን፤ ያኔ 3 ሲደመር 1 ሲደመር 1.8፣ ወደ 6 ሜትር ይወርዳል። ለዚህ ደግሞ የቤቱ ወለል ከጉድጓዱ መግቢያ ከፍ ማለት አለበት፤ ስለዚህ ቤቱን ከኋላ ጥግ ላይ መወሸቅ ቀረ።

ጎሃ_ማዶ
እሺ ተረታሁ። ግን ከኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ካርታ አውጥቶ መሸጥስ? ሦስቱም ብሩን ይካፈላሉ፣ ጣጣ የለ።

ነገረ_ፈጅ
ባዶ መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። እዚህ ላይ ነው የሰርቪሱ ነገር የሚመጣው። ካርታው ላይ የለም፤ ስለዚህ ለመዝገቡ የኋለኛው ቁራሽ ባዶ ነው። ከክፍፍሉ በፊት ሰርቪሱ ይለካ፣ ሕጋዊነቱ ይጠየቅ፣ ካርታው ላይ ይስፈር።

ጃንተከል_ዋርካ
እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። 10 በ4 ሰርቪስ የኋላውን ወሰን ተጠግቶ ያለፈቃድ ከተሠራ ሕጋዊ ማድረጉ ራሱ ሊያቆማችሁ ይችላል። መስኮቱ ወደ ጎረቤት ከሆነ ወይም የጣሪያው ውሃ ጎረቤት ግቢ ከወረደ ፈታሹ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ጣሪያውን ወደ ግቢው አዙሩ፣ የኋላ መስኮት ካለ ድፈኑ፣ ከዚያ አስለኩ። በዚህ ቅደም ተከተል።

ማራኪ_ሰፈር
የሰርቪሱ የኋላ ግድግዳ መስኮት የለውም፤ ጣሪያው ግን ወደ ጎረቤት ነው የሚያፈሰው። ሌላ ጥያቄ፦ የፊቱ 208 ከነቤቱ የእናታችን፣ የኋላው 282 የሦስታችን ቢሆን ያስኬዳል? ስፋቱ እኩል አይደለም እኮ።

ነገረ_ፈጅ
በጣም ያስኬዳል፤ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ክፍፍል በካሬ እኩል ይሁን የሚል ግዴታ የለም፣ በዋጋ ይመዛዘን እንጂ። የፊቱ መንገድ ዳር ነው፣ ቤት አለው፤ የኋላው ሰፊ ነው፣ 52ቱ ካሬ ግን መተላለፊያ ስለሆነ አይኖርበትም። ሁለቱን በባለሙያ አስገምቱ፣ ልዩነት ካለ ማካካሻው በውሉ ላይ በብር ይጻፍ። እናታችሁ የራሳቸውን ግማሽ ስለወሰዱ ስጦታ የለም፤ እናንተም የአባታችሁን ስለወሰዳችሁ ውርስ ነው። ሁለቱም ቁራሽ በነባርነቱ ይዘልቃል።

ኋለኛው በሦስታችሁ የጋራ ስም ይሆናል፣ ድርሻችሁ 1/3 1/3 1/3 ተብሎ። ወደፊት በላዩ ሦስት ቤት ብትሠሩ በጋራ ህንፃ ቤት አዋጅ (370/1995) እንለያያለን እንዳትሉ፤ ያ አዋጅ የሚሠራው በተናጠል የሚያዙ አምስትና ከዚያ በላይ ቤቶች ላሉት ህንፃ ነው። ስለዚህ የጋራ ባለቤትነታችሁ በውል ይደራጅ፦ ማን የትኛውን ክፍል ይይዛል፣ ሊወጣ የፈለገ ድርሻውን መጀመሪያ ለማን ያቀርባል፣ ዋጋው እንዴት ይገመታል። በውርስ ያገኛችሁት የግል ንብረታችሁ ነው፤ ነገር ግን ከትዳር ገንዘብ ቤት የሠራ ሰው ካለ የትዳር ጓደኛው ጉዳይ ስለሚመጣ ከግንባታው በፊት ይነጋገሩ።

ቀያሽ_ከአዘዞ
መስመሩ ሲወሰን ችካሉ ከውሉ ፊርማ በፊት መሬት ላይ ይተከል፤ ሁሉም ወራሽ፣ እናታችሁም፣ አዋሳኞችም ቆመው ይዩት። ባለ 15 በ15 ኮንክሪት፣ 60 ሳንቲ ርዝመት፣ መሃሉ ላይ ፌሮ፤ 45ቱ መሬት ውስጥ ይግባ። የዛፍ ግንድና የአጥር እንጨት ወሰን አይባልም። ለእናንተ ቅርጽ አዲስ የሚተከለው አራት ነጥብ ነው፦ መግቢያው መንገድ ላይ የሚጀምርበት፣ መግቢያው ከኋለኛው የሚገናኝበት ማዕዘን፣ በግራ ወሰን ላይ 13 ሜትር፣ በቀኝ ወሰን ላይ መፈተሻ እንዲሆን 13 ሜትር። 13ቱ አግድም መሆኑን አትርሱ፤ መሬት ለመሬት ከለካችሁ 13.26 ነው።

የአራቱ ኮኦርዲኔት በውሉ ላይ በቁጥር ይግባ፤ «ከቡናው ዛፍ እስከ ጉድጓዱ» የሚል ውል ዛፉ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። ካዳስተሩ (የከተማ ይዞታ ምዝገባው) ሲመጣም እያንዳንዱ ቁራሽ የራሱን መለያ ኮድ የሚወስደው በነዚሁ ነጥቦች ነው።

ማራኪ_ሰፈር
ገባኝ። እንግዲህ መጀመሪያ የወራሽነቱ፣ ጎን ለጎን የፕላን መረጃው፣ ከዚያ የሰርቪሱ ጣሪያ። የእህቴ ውክልና ላይ «የድንበር ችካል አይቶ መፈረም» የሚለውም ይግባ?

ነገረ_ፈጅ
ይግባ። «የቅየሳ ቃለ ጉባኤ መፈረም» ብለህ አስገባው፤ ከተማው የሚያስፈርመው ወረቀት በዚያ ስም ነው የሚመጣው። የውሃና የመብራት ቆጣሪ በስሟ ማስገባትንም ጨምርበት።